አፌን የፈታችው ቅቤ ነጋዴ

ድምፅ በደም አይወረስም። «የእነሱ ጉሮሮ ለዚህ የተፈጠረ ነው» ሲባል ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ። የተማሩት ደግሞ የላንቃ ቅርፅ ከሕዝብ ሕዝብ በጥቂቱ እንደሚለያይ፣ ይህም በብዙ ትውልድ ውስጥ የአንድን ቋንቋ ድምፆች ሊያዘነብል እንደሚችል ይጽፋሉ። ይሁን። አጎቴ ግን ያን ያህል ትዕግሥት አልነበረውም፤ በአንድ ከሰዓት ሊያረጋግጠው ፈለገ።

በንጉሡ ዘመን ነው። አባቴ ከጎጃም ወደ ነቀምት የተመደበ ወታደር ነበር። እናቴ እኔን ወልዳ ሞተች፤ አባቴም ብዙ አልቆየም። ልጅ ያልነበራት ጎረቤታችን፣ ኦሮሞ ቅቤ ነጋዴ፣ በሽማግሌዎች ፊት በጉዲፈቻ ወሰደችኝ። በደንቡ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደወለደችኝ ነው። ሀርሜ፣ እናቴ፣ እያልኳት አደግሁ።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ የአባቴ ወንድም ዓባይን ተሻግሮ ሊወስደኝ መጣ። ሽማግሌዎች ግቢያችን ተቀመጡ።

«አባቶቼ፣ ደም ደም ነው» አለ። «ቅቤን ስትጠሩ ምላስ ጠቅልላችሁ ትንፋሽ የምትውጡበትን ድምፅ የእኛ ዘር ጉሮሮ አያወጣውም። ልጁ ራሱ ይመሰክራል።»

አንዱ ሽማግሌ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲያው ወንድማችን፣ ሦስት ልጆች ከበር ኋላ ሆነው የቅቤን ስም በኦሮምኛ ‹ዻዻ› ብለው ይጥሩ። የራስህን ከለየህ ይዘኸው ሂድ። ካልለየህስ?»

«ካልለየሁ የእሷ ነው!»

ሀርሜ እኔንና ሁለት የሰፈር ልጆችን ከበሩ ኋላ አቆመችን። ምንም አልመከረችኝም፤ ቃሉን እንደሆነ ከእሷው ገበያ፣ ቅቤው ሲመዘን ነው የለቀምኩት።

አንደኛው ጠራ፤ ሁለተኛው ጠራ፤ በመጨረሻ እኔ ጠራሁ።

አጎቴ ብድግ አለ። «ሁለተኛው! ሰማችሁ እንዴት እንደተንገዳገደ? ጎጃሜ ነው! ሦስተኛውማ የዚሁ አፈር ልጅ ነው።»

በሩ ሲከፈት ሁለተኛው የእኚያው ሽማግሌ የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ። የፊት ጥርሶቹ በዚያው ሳምንት ወልቀዋል።

«በል ውሰደዋ!» አሉት ሽማግሌው። «ምግብ ላይ ግን አይቻልም።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ አንገቱን ደፋ፤ ቃሉን ግን አላጠፈም። ጋቢውን አውልቆ ለሀርሜ ደረበላትና በቅሎውን ጭኖ ሄደ። እሱንም አመሰግነዋለሁ፤ የተሸነፈ ሙግቱን የሚተው ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙ አላየሁም።

ሀርሜን ግን አላመሰገንኳትም። አንድ ሙሉ ቋንቋ ሰጥታኝ፣ በዚያው ቋንቋ አንድ ቀን እንኳ «ገለቶሚ» ሳልላት ሞተች።

አንተ አንባቢ፣ አፍህን የፈታችው ሴት በሕይወት ካለች ይህን መጽሐፍ ዝጋና ሂድ፤ ዛሬውኑ አመስግናት።