ሽማግሌው ሲመጡ የሚጠፋው ማጨጃ

ሌላው ስደተኛ ሁሉ በሌሊት ወጣሁ እያለ ያወራል። እኔ ከኮምቦልቻ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ እያየኝ ነው፤ ለማልቀስ እንኳ አልተመቸኝም። ሙያዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ሁለት ዓመት ተምሬ፣ በአንድ ፋብሪካ መጋዘን ልምምድ ሠርቼ፣ ሥራ ግን ሳላገኝ ቀረሁ። አዲስ አበባ ያለው የኤጀንሲ ጸሐፊ ቅጼን እየሞላ፣ "ልብስ መተኮስ ትችያለሽ?" አለኝ።

"እችላለሁ። ካውያው ቢበላሽም እጠግነዋለሁ።"

"እሱን እዚያ እንዳትናገሪ" አለና "የቤት ሠራተኛ" ብሎ ጻፈልኝ።

እንዲህ ሆኜ ጅዳ ገባሁ። የኮምቦልቻ ሙቀት ሙቀት ይመስለኝ ነበር፤ እዚህ ግን ታጥበሽ ሳትደርቂ ያልብሻል። ማዳሜ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ብቻ ስሜን መያዝ አቅቷት ሦስት ዓመት ሙሉ "ያ ቢንት" ነበር የምትለኝ፣ አንቺ ልጅ እንደማለት። ዓርብ ዓርብ በኒ ማሊክ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር በተከራየናት ክፍል እውላለሁ።

አብሮ አደጌ ሰይድ ደግሞ መካ ነው። አገር ቤት በአንድ አጥር ነን፤ እናቱ እማ ዘሀራ ለእኔም እናቴ ናቸው። ዛሂር ሰፈር ክፍል ተከራይቶ፣ ከተማው ዳር ባለ ኢስቲራሃ ይሠራል፤ ለሠርግና ለግብዣ የሚከራይ ሰፊ የአትክልት ግቢ ነው። ሥራው ሣር ማጨድ ነው፤ በማጭድ ግን አይደለም፣ እንደ ትንሽ ትራክተር እላዩ ተቀምጦ በሚነዳው ማሽን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደውሎ፣ "እታለም፣ ወላሂ ሣሩን አጭደው ቆሻሻ ላይ ይደፉታል! የናቴ ላም ይህን ብታይ ታብዳለች" እያለ ከልቡ አዝኖ ነበር።

አንድ ዓርብ ደወለና "ኸላስ፣ አለቀልኝ" አለኝ። ማሽኑ ጠዋት ሙሉ ደህና ይሠራል። ከፊሉ፣ ማለትም አሠሪው፣ ሽማግሌው አቡ ሳልህ ሊያዩት ሲመጡ ግን ቀጥ ይላል፤ ቁልፍ ቢዞር አይነሳም። ጠጋኝ መጥቶ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ሽማግሌው ታዲያ፣ "እኔ ሳይህ የማይሠራ ማሽን፣ ሳላይህ ይሠራል ትለኛለህ? እያበላሸህ ነው!" አሉት። በሳምንቱ ልጃቸውን እዚያው ግቢ ይድራሉ፤ እስከ ረቡዕ ሣሩ ካልታጨደ ሰይድ ወደ አገሩ ነው።

"ዓይናቸው ነው እታለም፣ ዓይናቸው ያቃጥላል" አለኝ።

"ዓይን ፊውዝ አያቃጥልም" አልኩት።

ራሴ ሄጄ ባየው ደስታዬ ነበር፤ መካ ከጅዳ ሩቅ አይደለም። ግን አንገቴ ላይ ማተብ አለ፣ ሙስሊም ያልሆነ ደግሞ ኬላውን አያልፍም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሰይድም በስልክ የሚጠግን ኤሌክትሪሺያን ያዘ።

"መብራቱ ይበራል?"

"ይበራል።"

"ቁልፉን ስታዞረው ቀጭ ይላል?"

"ምንም አይልም።"

ባትሪው ኃይል ካለው፣ ፊውዙ ደህና ከሆነ፣ መሐል መንገድ ላይ የሚቆርጥ ነገር አለ ማለት ነው። ሁሉን ነገር አስጠፋሁትና ሽቦውን በጣቱ እያስከተልኩ፣ የላላ ብሎን እያስጠበቅኩ ሁለት ሰዓት ፈጀን። ተቀምጦ ቁልፉን ሲያዞረው ተነሳ! "አብሽሪ፣ ተገኘ!" ብሎ ጮኸ። በማግስቱ ሽማግሌው መጡ፤ ጠፋ። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

"ከእንግዲህ አትንገረኝ፣ አሳየኝ" አልኩት። ሰኞ ስልኩን አጥሩ ላይ አስደግፎ በቪዲዮ ደወለልኝ፤ እኔ የማዳሜን ዓባያ እየተኮስኩ አያለሁ። ሰይድ ይዞራል፣ ሣሩ ይበተናል። በሩ ተከፈተና ነጭ ቶብ የለበሱ ሽማግሌ በምርኩዝ ገቡ። ያን ጊዜ ሰይድ፣ እንዳሳደጉት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ሞተሩ ጸጥ።

ጮህኩ። ማዳሜ ከሳሎን "ምን ተቃጠለ?" ብላ እየሮጠች መጣች።

ምንም አልተቃጠለም። ልምምድ በሠራሁበት መጋዘን ያለው ፎርክሊፍትም እንዲሁ ነበር፤ ከወንበሩ ሥር ስዊች አለው፣ ነጂው ሲነሳ ያጠፋዋል፣ ሰው እንዳይጎዳ። ማጨጃው ደግሞ ሥሩ ስለት ነው። ስለቱ ከሞተሩ ጋር እንደተያያዘ ከጠፋ፣ ስለቱን ሳታላቅቅና ሳትቀመጥ ቁልፍ ብታዞር አይሰማህም። ሰይድ ደግሞ ሽማግሌው ፊት ቆሞ ነው ቁልፍ የሚያዞረው!

"ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የሚያጠፋው ያንተ ጨዋነት ነው። አትነሳ!" አልኩት ማታ።

"ሽማግሌ ቆሞ እኔ ቁጭ? እግሬ እኮ በራሱ ነው የሚነሳ። ሽቦውን በጥሰን በቀጥታ ብናገናኘውስ?"

"ስለቱ ላይ ወድቀህ እግርህ ቢቆረጥ፣ በምንህ ትነሳለህ?"

ረቡዕ እኔ ካውያዬን እንደያዝኩ ደወለልኝና ማዳመጫውን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ማጨድ ጀመረ። ሽማግሌው ከወንድ ልጃቸው ጋር መጡ፤ ልጁ የማሰናበቻ ወረቀቱን ይዟል።

"መጡ እኮ።"

"አትነሳ።"

"አጠገቤ ደረሱ፣ እታለም!"

"በአላህ ይዤሃለሁ፣ አትነሳ!"

ሞተሩ እየጮኸ ነው። ሽማግሌው በቁጣ "ዛሬ ለምን አትነሳም?" አሉት። ለካ ሲነሳላቸው ደስ ይላቸው ኖሯል!

"ያ ዓሚ፣ ብነሳ ይጠፋል።"

ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ፣ "ተነሳ እስቲ" አሉት። ተነሳ፤ ጠፋ። "ተቀመጥ" አሉ። ስለቱን አላቅቆ አስነሳው። "ተነሳ!" እንደገና ጠፋ። መጀመሪያ የሳቀው ልጃቸው ነው፤ ቀጥሎ እሳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"ማን ነገረህ?"

"እህቴ፣ ጅዳ ያለች።"

"ለምን አላመጣሃትም?"

"ክርስቲያን ናት።"

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተሰማኝ። "ያ ሙሃንዲሳ!" አሉኝ ሽማግሌው። መሐንዲሷ ማለት ነው። ከአገሬ ከወጣሁ በሙያዬ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ ካውያውን አስቀምጬ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው፣ አልደብቅም። ሰይድ ሥራው ላይ ቀረ፣ ወረቀቱም ተቀደደ። ዛሬ አቡ ሳልህ ጄነሬተር ቢበላሽባቸው መጀመሪያ የሚደውሉት ለእኔ ነው። ማዳሜ እንኳ መኪናዋ አልነሳ ያላት ቀን ስሜን ጠየቀችኝ።

የዚያን ዕለት ለእማ ዘሀራ ደወልኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራኋቸው። ምርቃት ነበር የጠበቅኩት።

"እና ሰይድ፣ ሽማግሌ ቆሞ ቁጭ አለ?"

"ለእንጀራው ብሎ ነው፣ እማ።"

"አይ ልጄን! አገሩ አበላሸብኝ!"

ስቄ ሳልጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው? አንቺ የመጣሽ ቀን እኔ ነኝ ብድግ ብዬ የምቀበልሽ።"

ጉልበታቸውን ካመማቸው ቆይቷል፤ ሰው ካልደገፋቸው አይቆሙም። አይነሱ፣ እማ ልላቸው ነበር። "እመጣለሁ" ብቻ አልኳቸው።