ግብር እንዲቀል የተደረገ ዱዓ

ዘይቱና ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ትቸረችራለች። በ1971 ሰኔ ግብር ገማቾቹ ሱቅ ለሱቅ መዞር ሲጀምሩ ምግብ አልወርድ አላት። ገማች ምን መዝገብ ያሻዋል? በር ላይ ተገትሮ የገባ የወጣውን ያይና «የቀን ሽያጭሽ ይኼ ነው» ይላል፤ አለቀ። አብዮቱ ያለ ሚዛን መመዘን ያውቅበታል!

ከሽያጩ አብዛኛው ኮምቦልቻ ላለው ጅምላ ሻጭ ይመለሳል። ከቀረው ላይ ግብር ይነሣል። እሷና ሁለቱ ሴት ልጆቿ የሚበሉት ከዚያ የተረፈችውን ነው፤ አምና የተረፈችው መጋቢትን አላለፈችም። ዘንድሮ ግምቱ ከጨመረ ሱቁ መዘጋቱ ነው።

ስለዚህ የወሎ ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ከገራዶ ሸህ ኑርሁሴንን አስመጥታ፣ ጫት ገዝታ፣ ጎረቤቱን ጓዳዋ ሰብስባ «ያ ረቢ፣ የገማቾቹን ዓይን ያዝልን» አስባለች። ብልጧ ዘይቱና የረሳችው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ጓዳዋ የሚገባው በሱቁ በር ብቻ ነው። ገማቾቹ ደግሞ ያንኑ ዕለት መጡ፤ ሰው እንደ ጉንዳን ሲገባ ከማዶ ቆመው ሲያዩ ቆይተው ኖሯል።

«ጓዲት ዘይቱና፣ ገበያው ደርቷላ!» አለ አብሯቸው የመጣው የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የግብር ደብተሩን በብብቱ እንደ ሽጉጥ ወትፎ።

«ኧረ የት ደርቶ ጌታዬ... ጓድ!»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ሰው ምንድን ነው? ገዢ ካልሆነ ስብሰባ ነዋ። ፈቃዱን አሳዪኛ!»

የጎረቤቷን የጣይባን ባል «ያለ ፈቃድ ተሰብስበሃል» ብለው ወስደውት፣ ጣይባ እስር ቤት ያደረሰችው ስንቅ ሳይነካ ተመልሶላታል።

«ገዢዎቼ ናቸው» አለች። «ላምባ ይመጣል ብዬ... ሲጠብቁ ነው።»

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሸህ ኑርሁሴን ብቅ አሉ። አንድ ሳሙና አነሡ። «ልጄ፣ ይኼ ስንት ነው?»

ከኋላቸው ዱዓተኛው ሁሉ ተሰለፈ። የሚፈልገውም የማይፈልገውም ጨው ገዛ።

«አምና የተገመተው እጥፍ ይሁን!» አለ ሊቀ መንበሩ እየሣቀ። «አይዞሽ፣ ከግብሩ የሚተርፈው ያንቺ ነው።»

ምን ተርፎ! ዘይቱና አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

ገማቾቹ ሲወጡ ሸሁ ሳሙናውን መልሰው አስቀመጡ። «እንግዲህ ገንዘባችንን መልሽልን፤ ለማስመሰል ነው እንጂ...»

«አልመልስም አባባ። የኔ አይደለም፤ የመንግሥት ሆኗል።»

«ታዲያ እናንተ ምን ልትበሉ ነው?»

«እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ» አለች፣ አፏን በሻሿ ሸፍና። «ገና ከጎረቤት ሱቅ አልወጡም፤ እንደምንበላ ከሰሙ ይጨምሩብናል።»