የሣራ ልብና የዘመድ ወሬ

ሣራ የሁለት ወር ሕፃን ሳለች ጡት ስትጠባ ያልባት ነበር። የምንኖርበት ሶዶ ብርድ ነው፤ እሷ ግን ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ትንሽ ትጠባና ትተወዋለች፣ ታለከልካለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ባለቤቴ ማርታ «ይቺ ልጅ እየደከማት ነው» ትለኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ስለሆነች ምን እንደሆነ አላወቅንም።

ታላቅ እህቴ አልማዝ ከሁምቦ ልትጠይቀን መጣች። ልጅቷን እንዳየች «እንጥሏ ወርዷል» አለች፤ በማግስቱም ከተበላ ከተማ እንጥል ቆራጭ ይዛ ተመለሰች። ሰውየው ምላጩን ከኮቱ ኪስ አወጣ። ትንባሆ ተጣብቆበታል። በሱሪው ጠረገው። ጥፍሩ ጥቁር ነው። ያንን ጣት ልጄ አፍ ውስጥ ሊከት እጁን ዘረጋ። ቃል ሳላወጣ ማርታ ልጇን አቅፋ ወጣች። ባጃጅ አስቆመች። ተከትያት ሮጥኩ።

ጤና ጣቢያ አንዲት ጤና መኮንን የሣራን ደረት አዳመጠች። ደግማ አዳመጠች።

«ልቧ ላይ ተጨማሪ ድምፅ አለ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት።»

ሆስፒታል ኢኮ የሚሉትን የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች። በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ። ቪኤስዲ ይባላል። ሳንባዋ በደም ተጨናንቋል። ልቧ እየደከመ ነው። ማርታ አላለቀሰችም። እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

ከዚያ በኋላ የሆነው እስካሁን ያቅለሸልሸኛል። ቤት ሊጠይቁን የመጡ ዘመዶች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ያፈላንላቸውን ሻይ ፉት እያሉ፣ ማርታን ይመረምሯት ጀመር። በእርግዝናሽ ምን በላሽ? ማንን አስቀየምሽ? አንዷማ ልጅቷ አጠገቧ እያለከለከች «ንስሐ ግቢ» አለቻት። አልማዝ ደግሞ ለመጣው ሁሉ «ከጤና ጣቢያ እየተቀበለች ስትውጠው የከረመችው ክኒን ነው» ትላለች። ለደም ማነስ የተሰጣት የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን ነበር። እኔን አንድም ሰው ምንም አልጠየቀኝም። አንገሸገሹኝ።

በቀጠሯችን ቀን አልማዝም አብራን ገባች። የሕፃናት ሐኪሙ ማርታን ጠየቃት።

«በእርግዝናሽ መጀመሪያ ሽፍታ ያለው ትኩሳት ይዞሽ ነበር? ስኳር አለብሽ? የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስጂ ነበር? መጠጥ፣ ሲጋራ?»

ሁሉንም «የለም» አለች።

«ክኒኑስ?» አለች አልማዝ።

«እሱ የሚጠቅም ነው፤ እንዲያውም ፎሊክ አሲድ ከመፀነስ በፊት ቢጀመር ይመረጣል» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «በእናንተ ቤተሰብስ በልብ የታመመ፣ ወይም ሕፃን ሆኖ የሞተ አለ?»

«የለም» አልኩ።

አልማዝ አንገቷን ደፋች። «አለ» አለች። «አንተ ሳትወለድ። ወንድማችን ነው። ሲያለቅስ ከንፈሩ ይጠቁር ነበር። የማዝለው እኔ ነበርኩ።»

ሐኪሙ «የሱ ሕመም ምን እንደነበር አሁን ማወቅ አንችልም» አለ። «በቅርብ ዘመድ መኖሩ ዕድሉን ከፍ ሊያደርግ ይችላል እንጂ ምክንያቱ ይህ ነው አያሰኝም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም። ጥፋተኛ አትፈልጉ።»

እህቴን ማየት ቀፈፈኝ። ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ሚስቴን ስታማ የከረመችው! ለብዙ ጊዜ አላነጋገርኳትም።

ሣራ የሳንባዋን መጨናነቅ የሚቀንስ ፉሮስማይድ የሚባል መድኃኒት ተጀመረላት፤ ቀስ በቀስ ትንፋሿ ረጋ፣ ጉንጯ ሞላ፣ ኪሎም ጨመረች፤ ረጅም ወረፋ ጠብቀን አዲስ አበባ ቀዳዳው በቀዶ ሕክምና ከተደፈነላት በኋላ ደግሞ ማርታ ደረት ላይ ተለጥፋ፣ ሳታርፍና ሳታለከልክ ጡቷን ጠብታ ስትጨርስ ሁለታችንም እያየናት ሳቅን። አሁን በሰፈራችን ዳገት ላይ ስትሮጥ የሚደክመው እኔን ነው።

አልማዝ ማርታን ይቅርታ ጠይቃለች። ማርታ ይቅር ብላታለች፤ እኔ ገና እየሞከርኩ ነው። ባለፈው ግን አረካ ያለችው ልጇ ስታረግዝ ራሷ ለክትትል ይዛት ሄዳ፣ አዋላጇ ሳትጠይቃት የወንድማችንን ነገር እንደነገረቻት ሰምቻለሁ።

ደግማ ያዳመጠችውን ጤና መኮንን፣ ሐኪሞቹን፣ ከሁሉም በላይ ማርታን አመሰግናለሁ። ልጃችሁ ሲጠባ የሚያልበው፣ የሚያለከልክ፣ ኪሎ የማይጨምር ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ከሆነ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ለማርገዝ ያሰባችሁ፣ ስኳር ካለባችሁ ወይም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተማከሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። በቤተሰብ የሆነውን አትደብቁ።

የታመመ ሕፃን ያለበት ቤት ለጥየቃ የምትሄዱ ደግሞ እናቲቱን አትመርምሯት። ትንሽ እንድትተኛ ልጁን ያዙላት።