ማስተዋልን ሁለት ጊዜ የወለደ ወረቀት

ያን ቀን ጠዋት ዳባት መናኸሪያ የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ አዱኛ፣ ጎረቤቴ ዘሀራ፣ ሁለት ዶሮ የታቀፈች የማላውቃት ሴት፣ ሹፌሩና ረዳቱ። በስልክ ደግሞ ልጄ ማስተዋል ነበረች። አዱኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለያዘው ሁላችንም ሰምተናታል፤ ስለዚህ እሷንም ከነበሩት እቆጥራታለሁ።

ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነበር። የወጣነው ለማስተዋል የልደት ወረቀት ልናመጣ ነው። ማስተዋል መምህርት ናት። ደባርቅ ላይ ሁለት ዓመት ካስተማረች በኋላ ባሕር ማዶ ባለ የግል ትምህርት ቤት የሕፃናት መምህርት ሆና ተቀጠረች። አገሩን እዚህ አልጽፍም፤ ልጄ እዚያው ስላለች እፈራለሁ። የገባችው በጎብኚ ቪዛ ነው። ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የሥራ ፈቃድ፣ ቀጥሎ የመኖሪያ ፈቃድ አወጣልሻለሁ ብሎ ፓስፖርቷን ወሰደ። ፈቃዱ እስኪወጣ ደመወዝ የለም፤ ከግቢ መውጣትም አይቻልም። ማስተማር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቻላል። ለዚያ ፈቃድ የጠየቃት የለም።

የፈቃዱ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማዋን ሲያይ ሐሰተኛ ነው አለ። ዲፕሎማዋ ላይ ያለው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፓስፖርቷ ላይ ያለው የልደት ዓመት በፈረንጅ ነው። እነሱ አንዱን ከአንዱ ቀንሰው በአሥራ አራት ዓመቷ መምህርት ሆና የተመረቀች ልጅ አገኙ። እንዲህ ያለ ሰው የለም ብለው ማስረጃ ከተወለደችበት ቦታ ይምጣ አሉ። ቪዛዋ የሚያበቃው የጥምቀት ማግስት ነበር።

«እማ፣ ረጋ ብለሽ ሂጂ» አለችኝ በስልኩ። «የሚጽፉልሽን ግን ሳትቀበዪ አንብቢው።»

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አነባለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው እንጂ።

ደባርቅ

ዳባት ያለው መሥሪያ ቤት እዚህ አልተወለደችም ብሎ ቀድሞ መልሶን ነበር። ማስተዋልን የወለድኩት በጃናሞራ መንገድ ላይ ባለችው አምባራስ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ነው። ዘሀራ የመጣችውም ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን ከእናቷ ጋር ጨውና ጨርቅ ይዛ ወደ ጃናሞራ ትመላለስ ነበር፤ ማስተዋል የተወለደች ሌሊት እኛ ቤት አድራለች። አሁን ዳባት ገበያ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ አላት፤ ሱቋን ዘግታ ነው የተከተለችኝ።

ሚኒባሱ ከታሪፉ በላይ አስከፈለን። ዘሀራ ረዳቱን፣ «የዶሮዎቹንም ከእኛ ነው የምትቀበለው?» አለችው። ሳቀ፤ ገንዘቡን ግን አልመለሰም።

ደባርቅ ስንደርስ የጃናሞራ አውቶቡስ ሞልቶ ሄዷል። ሻይ በፓስቲ ይዘን ሌላ መኪና ስንጠብቅ ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሦስት ፈረንጆች ወጡ። ሰላም ሲጠፋ ቀርተው ነበር፤ አሁን አንዳንድ ይመጣሉ። ወረቀታቸውን ቆርጠው፣ ጠባቂና አብሳይ ይዘው፣ ሻያችን ሳይበርድ ወደ ተራራው ሄዱ። በአሥራ አራት ዓመትሽ ምን ሠርተሻል ብሎ የጠየቃቸው አላየሁም። ክፉ አልተመኘሁላቸውም። ግን እስኪጠፉ ድረስ አየኋቸው።

አምባራስ

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ገብስ ሊጭን የሚወጣ አይሱዙ አገኘን። ከሳንቃበር በኋላ መንገዱ አቧራና ድንጋይ ነው፤ አንዱ ወገን ገደል። ጧት የወረደው ውርጭ በሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ተሰብስበው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ ይህን መንገድ የማውቀው በእግሬ ነው፤ ማስተዋልን አዝዬ ወርጄበታለሁ። በመኪና ሲሆን የበለጠ ያስፈራል። ገደል በመጣ ቁጥር ዘሀራ ቢስሚላህ ስትል እኔ ኪዳነ ምሕረት እላለሁ፤ አዱኛ ደግሞ ሹፌሩ ግራ ይገባዋል፣ አንዳችሁ ዝም በሉ ይላል።

ቄስ ምሕረትን ቤታቸው በራፍ ላይ ድንች ሲመርጡ አገኘናቸው። እኔን ያጋቡኝም ማስተዋልን ያጠመቁልኝም እሳቸው ናቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ማን መሆኔን ስነግራቸው እጄን ይዘው ቆዩ። የገብስ ቂጣና ድንች አበሉን፤ ለዘሀራ የጾም ያልሆነውንም አምጡላት ብለው አዘዙ፤ እሷም ቂጣው ይበቃኛል አለች።

ጉዳዩን ስነግራቸው አልገባቸውም። «ሥራ ሰጥተዋታል፤ ልጆቻቸውንም ታስተምራለች። ታዲያ ፈቃዱ የምን ነው?» አሉ።

ሐሙስ ቀበሌ ሄደን ቃላቸውን ሰጡ። ከሠርጌ በኋላ በዓመቱ እንደተወለደች፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንዳነሷት፣ የእኛ ዓመት ከውጭው ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚሄድ ዲፕሎማዋ ስሕተት እንደሌለበት አስጻፉ። ማኅተም ተመታበት። ይህን የያዘውን ወረቀት በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አደርኩ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። ብዙ ቀን ያልተኛሁ ነበርኩ።

ደባርቅ፣ ዓርብ

ደባርቅ ያለው መሥሪያ ቤት፣ ስንወጣ ጠይቀነው፣ የቀበሌው ወረቀት ለውጭ አገር አይሆንም፤ በሁለት ቋንቋ የሚጻፈው የልደት ምስክር ወረቀት መውጣት አለበት፤ ሦስት ምስክር ይቅረብ ብሎን ነበር። ስለዚህ ቄስ ምሕረትን በአይሱዙው ጋቢና አስቀምጠን ይዘናቸው ወረድን።

የተቀበለን ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። ወንበር ሰጠን፤ አባን ጉልበታቸውን ሳማቸው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምቆጣው ሰው አገኝ ነበር። አዱኛ ነገሩን ሲያስረዳው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ ከዚያም ይኼማ ቀላል ነው፣ አስማማላችኋለሁ አለ። ሰዓቱ ወደ ምሳ ነበር። ከምሳ በኋላ ሰውየው ስብሰባ አለው፤ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው።

ወረቀቱ ሲወጣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ስሟ ልክ ነው። የአባቷ ስም ልክ ነው። የእኔም ልክ ነው። የልደት ዓመቷ ላይ ስደርስ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዷል። ሠራተኛው ዲፕሎማዋና ዕድሜዋ እንዲገጥሙ ብሎ ልጄን ከተወለደችበት ስምንት ዓመት አስቀድሞ ወልዷታል።

«ወንድሜ፣ በዚህ ወረቀት ልጄን ስወልድ እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ» አልኩት።

አዱኛ ሳቀ። ዘሀራ፣ «ከነደብተርሽ አምጠሽ ነዋ» አለች፤ ወዲያው ግን ፊቴን አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

ሠራተኛው አልተቆጣም። «እናቴ፣ የሚያነቡት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ የሚፈልጉት ቁጥሩ እንዲገጥም ነው። የአማርኛውን ማን ያየዋል?» አለ። «ፓስፖርቷ ላይ ያለው ዓመትስ?» አልኩት። «ከዲፕሎማው ጋር ነው ያልገጠመው አላላችሁኝም?» ብሎ መለሰልኝ።

ማስተዋል ጋ ደወልን፤ አታነሳም። ክፍል ውስጥ ስልክ መያዝ ክልክል ነው።

ቄስ ምሕረት ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አነበቡት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩት።

«ይህችን ሴት ያጋባሁ እኔ ነኝ። ልጇንም ያጠመቅሁ እኔ ነኝ። በዚህ ወረቀት ግን ክርስትናው ከሠርጉ ሰባት ዓመት ቀድሟል። እኔ እንዲህ ያለ ክርስትና አላነሳሁም» አሉ።

«አባ፣ ወረቀት እኮ ነው» አለ አዱኛ።

«ወረቀት ከሆነማ እኔን ከአምባራስ ድረስ ለምን አመጣችሁኝ?»

መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ሠራተኛው ሰዓቱን አየ። አዱኛም ወጣ ብሎ በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ከሚቆሙት አንዱን ሰው ይዞ ተመለሰ። እዚያ ምስክር ለጎደለበት ሰው የሚፈርሙ አሉ፤ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ለሻይ ይሰጣቸዋል። ሰውየው የልጄን ስም እንኳ አልጠየቀም። አዱኛ ፈረመ፣ ዘሀራ መወለዷንማ አይቻለሁ ብላ ፈረመች፣ ያ ሰው ፈረመ። የቀበሌው ወረቀት፣ የአባ ቃል ያለበት፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ ቀረ። ፋይሉ ሲዘጋ አይቼዋለሁ።

አዱኛ እዚያው በር ላይ አዲሱን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ለትምህርት ቤቱ ጉዳይ አስፈጻሚ በስልክ ላከለት። ቁጥሩን ማስተዋል ሰጥታን ነበር።

ጎንደር

በማግስቱ አባን በአውቶቡስ አሳፍሬ እጃቸውን ተሳለምኩ። ቅር አላላቸውም፤ ግን ለማስተዋል ጸልዩላት ስላቸው፣ «በየትኛው ዕድሜዋ?» አሉኝ። ሲቀልዱ ይሁን ሲያዝኑ አልለየሁም።

ዋናውን ወረቀት ለመላክ ከአዱኛ ጋር ጎንደር ወረድን። የጥምቀት ሰሞን ስለሆነ ከተማው ሰው በሰው ነው፤ አጥሩ ሁሉ በሰንደቅ ተሸፍኗል፤ አልጋ የሚባል የለም። ዕቃ የሚያደርሰው ድርጅት ፖስታውን አሽጎ ተቀበለን። ሲያሽገው ቆይ ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር። አዱኛ ክንዴን ያዘኝ፤ ወጣን።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እንዳለን ማስተዋል ደወለች። ፎቶውን ማታ አይታዋለች።

«እማ፣ ይኼ ወረቀት የኔ አይደለም።»

«ያንቺ ነው፤ ስምሽ አለበት።»

«ዓመቱ የኔ አይደለም። ፓስፖርቴ ላይ ሌላ ነው። ጉዳይ አስፈጻሚው ደግሞ ሳያሳየኝ አስገብቶታል። የጠየቁት እኮ የእኛ ዓመት ከእነሱ ይለያል የሚል አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።»

እሱንማ አባ ቃላቸውን ሰጥተው አስጽፈውት ነበር። ደባርቅ ፋይል ውስጥ ቀርቷል። መኪናው አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ነበር። የፈቃዱ መሥሪያ ቤት ሁለቱ ልደቶች አንድ ሰው አይሆኑም ብሎ ጉዳዩን ዘጋው አለችኝ። ሥራዋንም ፈቃዷንም ባንድ ቃል።

ቤት

ዳባት ስንገባ ዘሀራ ሱቋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ቦርሳዬን ተቀብላ እስከ ቤቴ ሸኘችኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልጻፍ፤ ለሌላ እናት ይጠቅም እንደሆነ። ልጃችሁ ለማስተማር ባሕር ማዶ የምትሄድ ከሆነ ኮሌጁ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ካልጻፈላት አትላኳት። ፓስፖርቷን እንዳወጣች ግልባጩን ለናንተ ትተውላችሁ። ትሑት ሰው ውለታ ብሎ የሰጣችሁ ወረቀት ላይ እናንተ የምታውቁት ውሸት ካለ ቢሮው ይዘጋ፣ ቪዛውም ያልቅ፣ አትቀበሉት። እኔ አንብቤው ነበር። አንብቢው ባለችኝ መሠረት አንብቤዋለሁ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው በከተራ ዕለት ነው። ታቦታቱ ሲወርዱ ስለነበር ድምፅዋ በደንብ አልተሰማኝም። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጪ ተብላለች፤ ፓስፖርቷን አልሰጧትም፤ አንዲት የአገር ልጅ ጋ አድራለሁ አለች። የልጅቷን ስም ነገረችኝ፤ በዝማሬው መካከል አልያዝኩትም። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው። አሁን ጾሙ ገብቷል።

ይህን ከሚያነቡ መካከል ልጁ ወይም ዘመዱ በዓረብ አገር የሚኖር ካለ ይጠይቅልኝ። ስሟ ማስተዋል ነው፤ የዳባት ልጅ፣ የሕፃናት መምህርት። ረጅም ናት፤ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ስትናገር አትቸኩልም። አገሩን ለሚጠይቀኝ በቃል እነግረዋለሁ። ያያት ወይም ስለ እሷ የሰማ ዳባት ገበያ፣ ዘሀራ ጨርቅ ቤት ይንገርልኝ።