በምክር ቤት ዋጋ የጠራሁ ቀን

መርካቶ፣ እህል በረንዳ ምስርና ሽምብራ እየሸጥኩ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። የሰፈሩ ሰው መርጦኝ የከተማው ምክር ቤት አባል ስሆንም ሱቄን አልዘጋሁም። ስብሰባ ሲኖር ትልቋ ልጄ ትቀመጥልኛለች።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ረቂቅ አዋጅ መጣ። የእጅ ጋሪ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በኋላ ዋናው መንገድ ላይ እንዳይታይ ይከለክላል። እኛ ዘንድ ደግሞ እህሉ ከጭነት መኪና ወርዶ የሚያልቀው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አዋጁ እንዳለ ከጸደቀ ጋሪ ገፊዎቹ ሥራ ፈቱ ማለት ነው። ሽማግሌያቸው ሱቄ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ እስከ ሦስት ሰዓት ያስፈቅዱልን። ከዚያ ካነሰ አለቀልን።»

«ኢንሻአላህ» አልኩት።

በስብሰባው ቀን ሱብሂ ሰግጄ፣ ዱዓ አድርጌ ወጣሁ። ልጄ ከኋላዬ «እማ፣ እዚያ ገበያ አይደለም፣ እሺ?» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ተራዬ ደረሰ። እኔ የማውቀው ድርድር አንድ ነው። ሦስት የሚፈልግ ሰው ሦስት ብሎ አይጀምርም። ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ሌላው ዝቅ ያደርጋል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ያዝኩና «ጋሪ ቀኑን ሙሉ ይፈቀድ» አልኩ። ሰብሳቢው «ኧረ ይቀንሱ» እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

እሳቸው ግን «የተከበሩት አባል ያቀረቡትን ሀሳብ የሚደግፍ አለ?» አሉ።

አንድም እጅ አልተነሳም።

«አልተደገፈም። ሌላ አስተያየት ከሌለ ወደ ድምፅ መስጠት እንሄዳለን።»

ደነገጥኩ። ቢሆንም አንድ ዘዴ ቀርቶኝ ነበር። ገበያ ላይ ሻጩ አልቀንስም ሲለኝ ፊቴን አዙሬ እሄዳለሁ፤ ጥቂት ሳልራመድ «ነይ እናቴ፣ ነይ ውሰጂ!» ይለኛል። ቦርሳዬን አንስቼ ቀስ እያልኩ ወደ በሩ አመራሁ። ጆሮዬ ወደ ኋላ ነው። የጠራኝ የለም። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ ብቻ ጎንበስ ብሎ፣ «መጸዳጃ ቤቱ በግራ በኩል ነው፣ እናቴ» አለኝ።

ተመለስኩ። ሳልቀመጥ እጄን አነሳሁ።

«የረሱት ነገር አለ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ዋጋ ቀንሻለሁ። እስከ ሦስት ሰዓት ይሁን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው አልሳቁም።

«የወደቀ ሀሳብ ተመልሶ አይቀርብም። ይህ ያው ነው ወይስ ሌላ?»

«ሌላ ነው። ያኛው የገበያ ነበር፣ ይኼ የእውነቴ ነው። እህሉ መኪናው ሥር ተከምሮ ይቀራል። ጋሪ ከሌለ በሰው ጀርባ ነው የሚሄደው።»

ሳቁ ቆመ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አባል፣ ከሁሉ አብልጠው ሲስቁ የነበሩት፣ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ እጃቸውን አወጡ። «እደግፋለሁ» አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ በአላህ ፈቃድ አለፈ።

ሰፈር ስደርስ ለሽማግሌው ነገርኩት። መረቀኝ፣ አመሰገነኝ፤ ከዚያ ጓደኞቹን አየት አድርጎ ይስቅ ጀመር።

«ምን ያስቅሃል?»

«አይቆጡ እትዬ። እኛ እኮ እስከ ሁለት ሰዓት ብንባልም ይበቃን ነበር። ሦስት ብለን የጠራነው እርስዎ ይቀንሱብናል ብለን ነው።»

«እኔ ላይ?»

«ታዲያ የመርካቶ ሰው አይደሉ?»

ልቆጣው ነበር፤ ሳቅ ቀደመኝ።

አሁን ጭነቱን በሁለት ሰዓት ይጨርሱና በተረፈቻቸው ጊዜ ጋሪያቸው ላይ ተቀምጠው ቁርስ ይበላሉ። ድሮ እየገፉ ነበር የሚጎርሱት። ሳልፍ «እትዬ፣ ይቅረቡ!» ይሉኛል። አንዳንዴ እቀርባለሁ።