መስታወት በሚሸፈንበት ሰዓት

የልጅ ልጆቼ ሰሞኑን አልጋዬ ሥር ሲርመሰመሱ የድሮ ፎቶ ያለበትን ካርቶን ጎትተው አወጡት። አንድ ፎቶ ባወጡ ቁጥር ግራ ተጋብተው ይተያያሉ።

"እማማ፣ ሰው የለበትም።"

"አዎ፣ የለበትም።"

"ተበላሽቶ ነው?"

"አልተበላሸም። መብረቅ ነው።"

"ማን አነሳው?"

"እኔ።"

ትንሹ ከት ብሎ ሳቀ። ትልቋ ግን ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ካየችው በኋላ፣ "በይ ቁጭ ብለሽ ንገሪን" አለችኝ፤ እንደ ዳኛ። ጀመርኩላቸው። መሃል ላይ ኳሳቸው ትዝ ብሏቸው ወጡ፤ እኔ ግን ከጀመርኩ ወዲያ መተው አቃተኝና ይኸው ለብቻዬ እየጻፍኩት ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስለየኝ ባሌ ነው፤ የደንበኞቹን ስም በፎቶ ጀርባ ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ እያየሁ የለቀምኩትን ነው የያዝኩት። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

ባሌ ፎቶ አንሺ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጎሬ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሲከፈቱ፣ ጸሐፊው፣ ዳኛው፣ ፖሊሱ ከሸዋ ሲጎርፍ፣ እሱም ካሜራውን በበቅሎ ጭኖ መጣ። እኔንም አብሮ ጭኖ። ያኔ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ጎሬ ነበር። ሹም ሁሉ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል፤ ነጋዴውም ሹሙን አይቶ ይፈልጋል። ባሌ ያነሳል፣ እኔ አጥባለሁ። በቀይ ብርጭቆ ፋኖስ ብርሃን ወረቀቱን መድኃኒቱ ውስጥ ስነክረው መጀመሪያ ጥቁሩ ነው የሚወጣው፤ ጠጉር፣ ቅንድብ፣ የዓይን ብሌን። ፊቱ ኋላ ነው የሚመጣው። የስንቱን ባለሥልጣን ቅንድብ ከፊቱ በፊት አውቄዋለሁ።

አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ባሌ የጎሬን ቁልቁለት ለማንሳት የካሜራውን ዓይን ከፍቶ ቆሞ ሳለ፣ ከባሮ ቆላ በኩል ድንገት በረቀ። ተበላሸ ብሎ ተናደደ። እኔ ሳጥበው ግን ሰማዩ ላይ የሆነ ነገር ተዘርግቶ ወጣ፤ ጎርፍ ከነሥሩ የነቀለው ዛፍ ተገልብጦ የተንጠለጠለ ይመስላል። "ሰማይ ሥር አለው ለካ!" አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር፣ ፊልም ከተረፈን፣ አብረን እንወጣ ነበር። እሱ ካሜራውን ይይዛል፤ እኔ ጃንጥላውን እዘረጋለሁ።

ባሌን ወባ ወሰደብኝ፤ ወደ ጋምቤላ ወርዶ ይዞት መጣ። ልጄን፣ የእነዚህን ልጆች እናት፣ ለትምህርቷ ብዬ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ላክኋት። ካሜራው ቀረልኝ፤ ደንበኛው ግን አልቀረልኝም። አንዱ የግቢ ሹም ፊት ለፊት፣ "ሴት እያየችኝ እንዴት ፊቴን ላኮሳትር?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያለ ኩስትርና ፎቶ አልነበረም ያኔ።

እናም ወደ መቱ ወርጄ በርካሽ ቤት ተከራየሁ። ኮረሪማ ከኖፓና ከኡካ ገበያ ገዝቼ ጎሬ ላሉ ነጋዴዎች መሸጥ ጀመርኩ። የእግር መንገድ ነው፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ ጫካው ውስጥ ዝንጀሮና ራስሽ ብቻ ናችሁ። ከሰው ጋር ሳላወራ የምውልበት ቀን ይበዛ ነበር። ገበያ ላይ ዋጋ ማውራት ማውራት አይደለም።

አጥሬን የምትጋራኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ባሏ የሞተባት፤ አንዲት ልጅና አንዲት ላም ያላት። እኔ እትዬ እላታለሁ፣ እሷ ኢንተላ ኮ ትለኛለች፤ ልጄ ማለት ነው በኦሮምኛ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ እናወጋለን፤ የቱ የት እንዳለቀ ሁለታችንም አናውቅም። ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ ወተት ታቀብለኛለች። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከመንገድ ስመለስ "መጣሽ?" የምትለኝ እሷ ናት። በመቱ ሌላ "መጣሽ?" የሚለኝ ሰው አልነበረኝም። ሰው ደግሞ "መጣሽ?" ካልተባለ የመጣ አይመስለውም። ኖፓ ላይ ዝናብ ሲደበድበኝ፣ እግሬ ሲላላጥ፣ ወደፊት የሚያስኬደኝ ያቺ ቃል ነበረች። እሷን እንዳላጣ ነበር ፍርሃቴ ሁሉ።

መብረቅ ማንሳቱን አልተውኩም። ምን ላድርግ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ እኔ ቤት የሚጠብቀኝ የለም። ከኮረሪማው ትርፍ ጎሬ ካለ የግሪክ ሱቅ ፊልም እገዛለሁ። ደመናው በምዕራብ ሲጠቁር ካሜራውን በረንዳዬ ላይ በሦስት እግሩ አቆማለሁ፤ ዓይኑን አጥብቤ እከፍትና እጠብቃለሁ። ሲበርቅ እዘጋለሁ። ዝናቡ ከደረሰ አይሆንም፤ ጥሩው ዝናቡ ገና ሸለቆው ማዶ ሳለ ነው። ርቀቱን በጸሎት ነው የምለካው። ሲበርቅ አባታችን ሆይ ብዬ እጀምራለሁ። እንጀራው ጋ ስደርስ ነጎድጓዱ ከተሰማ ሩቅ ነው። ገና ሰማያት ላይ ሳለሁ ከጮኸ ግን ካሜራውን ታቅፌ እገባለሁ።

አገሩ ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ሥራ አለው። ነጎድጓድ ሲጀምር ሴቱ ሁሉ መስታወቱን በነጠላ ይሸፍናል፤ ዶማና መጥረቢያ ከደጅ ይገባል፤ ቀይ የለበሰ ያወልቃል። የሚያብለጨልጭ ነገር መብረቅን ይጠራል ይባላል። የሰፈሩ ልጆች አዴ በከካ የሚል ስም አወጡልኝ፤ እመት መብረቅ እንደማለት ነው። በመንገድ ሳልፍ "ጓ!" ብለው ይሮጣሉ።

እትዬ እንኳ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ፣ "ያ ዋቃ! አገር ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንቺ ትከፍቻለሽ!" ትለኝ ነበር።

"እኔ አያለሁ እንጂ አልነካውም፣ እትዬ።"

"እሱ ቢነካሽስ?"

"ያን ጊዜ ፎቶውን አንቺ እጠቢው።"

"ሂጂ ወዲያ! የኔ እጅ ድስት ነው የሚያጥበው" ብላ እየሳቀች ትገባለች።

ያጠብኩትን ሳሳያት ግን አትቀልድም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትቀበለኝና፣ ዳር ዳሩን ይዛ፣ ረጅም ጊዜ ታያለች። ሌላ ማንም አላያቸውም።

ግንቦት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ አየሩ ታፍኖ ውሎ፣ ወደ ማታ ላይ ምዕራቡ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ካሜራውን አወጣሁና አቆምኩ። ጃንጥላ ላመጣ ገብቼ ስወጣ፣ የእትዬ ላም በግቢዋ ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ቆማ ታመሰኳለች። እስካሁን አላስገቧትም አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። የመጀመሪያው ሲበርቅ እንጀራው ጋ ደረስኩ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ግን ጸሎቱን ሳላጋምስ ጮኸ። በቃ፣ ይግባ ብዬ እጄን ስሰድ ዓለም ነጭ ሆነች። ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ አይመስለኝም፤ በጥርሴ ነው። ወድቄ ስነሳ ዋንዛው ከላይ እስከ ታች ተልጦ ይጨሳል፤ ላሚቱ እግሮቿን ዘርግታ በጎኗ ተጋድማለች።

እትዬ እየጮኸች ወጣች፤ ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ ትከተላታለች። ጎረቤት በአጥሩ ሁሉ ገባ። "ወተት! ወተት አምጡ!" ይላል ሁሉም። መብረቅ የለኮሰው እሳት በውሃ አይነካም፤ ወተት ይፈስበታል። የዚያ ግቢ ወተት ግን መሬት ላይ ተጋድማለች። ጠዋት እትዬ የሰጠችኝ ተርፎኝ ነበርና በጣሳ ይዤ ሮጥኩ። ዋንዛው አጠገብ ስደርስ አንዲት ሴት ጣሳውን ከእጄ ተቀበለችኝ። አመሰግናለሁ ልላት ስል፣ ወተቱን አጥር ሥር ደፋችውና ባዶ ጣሳዬን መለሰችልኝ።

"የአንቺ አይሆንም" አለችኝ፤ በቀስታ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

ዞር ስል ሁሉም የሚያየው እኔን ሳይሆን በረንዳዬን ነው። ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሞ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ፣ ወደ እነሱ ያያል።

በማግስቱ ሽማግሎች መጡ። እትዬንም አስጠርተው ከደጃፌ ካለው ግንድ ላይ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ነጎድጓድ ሲመጣ አገር ምን ያደርጋል?" አሉኝ ትልቁ።

"መስታወት ይሸፍናል።"

"አንቺስ?"

"እኔ... እገልጣለሁ።"

"ታዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል?"

"አባቴ፣ ካሜራ ያያል እንጂ አይጠራም።"

ጥርስ የሌላቸው አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። "የሚያይ ሁሉ ይጠራል። ሴት በመስኮት ብቅ ስትል ጎረምሳ አይመጣም እንዴ?"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚሄዱበትን በር እየፈለጉ ነበር። ትልቁ ወደ እትዬ ዞሩ። "ላሚቱ ያንቺ ናት። አንቺ ምን ትያለሽ? ይህች ልጅ ናት ያመጣችው?" በአማርኛ ጠየቋት፤ ከዚያ በኦሮምኛ ደገሙላት።

እትዬ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። እኔ አፍ አፏን አያለሁ። አንዲት ቃል ብትወጣት፣ አይደለችም ብትል፣ ሽማግሎቹ ተነስተው ይሄዱ ነበር። አልተናገረችም። ጭራሽ ቀና ብላም አላየችኝ።

"እንግዲህ" አሉ ትልቁ፣ "ወይ ያን ካሜራሽን ከነጠርሙሱ ቅበሪው፣ ወይ ሰፈር ለውጪ።"

እቀብረው ነበር። ባሌ ይማረኝ፣ እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ ቅበሪው ብትለኝ በጥፍሬም ቢሆን ቆፍሬ እቀብረው ነበር። ጠበቅኋት። ጠዋት ወደ ቀዳዳው እሄዳለሁ፤ ማንም የለም። ወተት የለም ማለቴ አይደለም፤ ወተቱማ ከየት ይመጣል። ፊልሙን አጠብኩት፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ ብርሃን ሲበዛበት እንደዚያ ይሆናል። ከዚያ ኡካ ገበያ ሄጄ ስመለስ እትዬ በሯ ላይ ቆማ አየኋት። እሷም አየችኝ። ጭነቴን እንደተሸከምኩ ቆምኩ። ገብታ በሩን ዘጋችው።

ያን ሌሊት እዚያ አደርኩ፤ ነግቶ ዕቃዬን ሸክፌ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ነው። ኖፓ አንድ ክረምት፣ ጎሬ አንድ በጋ፣ ኡካ፣ እንደገና ኖፓ። የትም ብሄድ ካሜራውን በኮረሪማ ከረጢት ውስጥ ደብቄ ነው የምገባው። ሰማዩ ሲጠቁር ከመንደሩ እርቃለሁ፤ ቤት በማይታይበት፣ ላም በሌለበት፣ ዛፍም በራቀበት ሜዳ ላይ አቆመዋለሁ። ጃንጥላውን በአንድ እጄ፣ ካሜራውን በአንድ እጄ። ኡካ አካባቢ ያነሳሁት አንድ አለ፤ ሁለት መብረቅ ከአንድ ደመና ወጥተው ሳይገናኙ የቀሩበት። ትልቋ የልጅ ልጄ ወደ መስኮት ያስጠጋችው እሱን ነው። ሳጥበው ደስ አለኝ፤ ከዚያ ለማን እንደማሳየው አሰብኩና እንዳለ እርጥቡን ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ቁጭ ብዬ ብቻዬን አየሁት። በመጨረሻ ካሜራውን የጨረሰው ሻጋታ ነው። ያ አገር ዝናቡ ማንንም አይምር፤ መነጽሩን ውስጥ ለውስጥ እንደ ሸረሪት ድር በላው። እኔም አንዴ ከተላቀቅን ብዬ ሌላ አልገዛሁም።

ስንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ኡካ ገበያ ኮረሪማዬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ዋጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አልሄደችም።

"አዮ" አለችኝ፣ እናቴ እንደማለት፣ "የመቱዋ ባለፎቶ አንቺ አይደለሽም?"

የእትዬ ልጅ ናት። እዚያው ባል አግብታለች። እናቷ ባለፈው ዓመት እንዳረፈች ነገረችኝ። አለቀስን። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርጄ ታቀፍኩላትና፣ ስንት ዘመን ሆዴ ውስጥ የተቀመጠውን ጠየቅኋት፤ "እንደተቀየመችኝ ነው የሞተችው?"

"አንቺን?" አለች። ዓይኗን ከእኔ አንስታ ኮረሪማውን በጣቷ ትነካካ ጀመር። "ላሚቱ እኮ ገብታ ነበር፣ አዮ። ሰማዩ ሲጠቁር እኔው ነኝ በረት ያስገባኋት። አንቺ ካሜራሽን አቁመሽ ወደ ቤት ስትገቢ እናቴ ሮጣ ሄዳ ፈታቻትና ከዋንዛው ጋር አሰረቻት። ምን ሆነሻል ስላት፣ 'አርጅታለች፤ ከአባቴ ቤት የመጣችው ዘር የመጨረሻዋ ናት፤ መልኳ በፎቶ ይቅርልኝ' አለችኝ። አንሺልኝ ብሎ መጠየቁን አፍራ ነው፤ ፊልሙ ውድ ነው፣ ለላም አታጠፋውም ብላ። ከካሜራሽ ፊት ያቆመቻት እሷ ናት።"