በቃኝ መኪና ላይ መቀመጥ

የበጋ መግቢያ ነበር፤ ዝናቡ ቆሞ ምድሩ ገና ያልደረቀበት፣ ፀሐዩ ጀርባን የሚያሞቅ፣ ነፋሱ ፊትን የሚያቀዘቅዝ ጊዜ። የታላቅ እህቴ ልጅ አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ተከራይቶ እናቱን፣ ሚስቱንና እኔን አገር ላገር ሲያዞረን፣ ወንዝ ዳር ካለች ዳገታም ከተማ ደረስን።

እህቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጉልበቷን ስለሚያማት፣ በደረስንበት ከተማ ሁሉ እኛ ስንዞር እሷ መኪናው ውስጥ ትቀር ነበር። እዚያም ልጇ፣ «እማዬ፣ ይኼ ዳገት ላንቺ አይሆንም፤ መኪናው ውስጥ ሆነሽ ጠብቂን» አላት።

«ዘበኛ ከፈለግህ ቅጠር!» አለችው። «ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ አሳደግሁህ። ዛሬ ደግሞ በዚህኛው መኪና ልታስቀምጠኝ ነው?»

«ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቱ የኔ! አንተን ምን አመመህ?»

ጫማዋን አጥብቃ አሰረችና ወደ ዳገቱ አናት የሚያወጣውን ደረጃ ተያያዘችው። እኔም «ኧረ ተይ፣ እትዬ!» እያልኩ ተከተልኳት። በየሰው ደጃፍ ቁጭ እያለች፣ ከማታውቃቸው ሴቶች ጋር እየተጨዋወተች፣ አንዷን ስለሚከራይ ክፍል እየጠየቀች፣ ዳገቱን ጨረሰችው። ከላይ ስናየው ያ ትልቅ መኪና የክር ጥቅል አክሏል።

ልጇ እያለከለከ ደረሰ። «በይ እንግዲህ፣ እንውረድ።»

«እናንተ ዙሩ» አለችው፤ «እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ።»

የቀለደች መስሎን ሳቅን። እሷ ግን የምሯን ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ እንደሰማሁት፣ እዚያው ዳገቱ አናት፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች የኪራይ ክፍል ትኖራለች።